የትምህርት ቤት የሳይንስ ዓውደ ርዕይ፤ ከአሶሳ በኩል ሲታይ

የሳይንስ ዓውደ ርዕይ ተማሪዎች በሳይንስና በሒሳብ ትምህርት ተመርተው የሠሩትን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ለጠየቃቸው ሁሉ የሚያስረዱበት፣ ዳኞችም እየዞሩ ነጥብ የሚሰጡበት የትምህርት ቤት ዝግጅት ነው። በአሶሳም እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ስሙ አንድ አይደለም። በደብዳቤና በማስታወቂያ ላይ «የሳይንስና የሒሳብ የፈጠራ ሥራዎች ዓውደ ርዕይና ውድድር» ይባላል፤ መምህራን አሳጥረው «የፈጠራ ሥራ» ይሉታል፤ የከተማ ልጆች ደግሞ «ሳይንስ ፌር»። ከሦስቱ «የፈጠራ ሥራ» የሚለው የዝግጅቱን ጠባይ ይበልጥ ይገልጻል። ልጁ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ሠርቶ እንዲመጣ ይጠበቃል። ጠይቆ፣ ለክቶና መዝግቦ የደረሰበትን እንዲያቀርብ የሚጠበቀው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። ይህ ልማድ ከውድድሮቹ በፊት የነበረ ነው፤ የተያዘውም በትምህርት ቤቶች የመርጃ መሣሪያ ክፍሎች ውስጥ ነው።

ዝግጅቱ በዓለም ላይ የታወቀው ከአሜሪካ ተነሥቶ ነው። «ፌር» እዚያ አርሶ አደሮች ከብታቸውንና ምርታቸውን አቅርበው የሚወዳደሩበት የገበያ በዓል ነው፤ የልጆቹም ዝግጅት ስሙንም ሥርዓቱንም ከዚያ ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1828 ግብርናንና ኢንዱስትሪን ለማበረታታት የተመሠረተው የኒው ዮርክ ከተማ የአሜሪካ ኢንስቲትዩት፣ ልክ በ100 ዓመቱ በከተማው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ የልጆች የሳይንስ ዓውደ ርዕይ ከፈተ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩ በየከተማው ተዛመተ፤ እ.ኤ.አ. በ1950 ፊላደልፊያ ላይ በተደረገው የመጀመሪያ ሀገር አቀፍ ውድድርም 30 ተማሪዎች ለፍጻሜ ቀረቡ። ዛሬ የብዙ ሀገሮች ወጣቶች የሚገናኙበት ዓለም አቀፍ ውድድር የዚያ ተከታይ ነው። የአማርኛው ስም ግን ከገበያ ጋር አይዛመድም። በግእዝ «ርእየ» አየ ማለት ነው፣ «ዓውድ» ደግሞ ዙሪያ፣ አደባባይ፤ ስለዚህ ዓውደ ርዕይ የማያ አደባባይ እንደ ማለት ነው። ቃሉ ከተወዳዳሪው ይልቅ ተመልካቹን ያስቀድማል።

በኢትዮጵያ ዘመናዊ ትምህርት ሲጀመር የሳይንስ ቦታ ጠባብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1908 በተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ዋናውን ስፍራ የያዙት ቋንቋዎች ነበሩ፤ መንግሥት አስቸኳይ የሚያስፈልገው ከውጭ ሀገር ሰው ጋር የሚነጋገርና የሚጻጻፍ ሰው ነበርና። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ሳይንስ እየሰፋ ቢመጣም መምህሩም መጽሐፉም ለብዙ ጊዜ ከውጭ የሚመጣ ሆኖ ቆየ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ ሲጀምር በሀገር ውስጥ የሠለጠነ የሳይንስ ሰው የማግኘት ተስፋ ተከፈተ።

በዚያ ዘመን ተማሪ ሥራውን ለሰው የሚያሳየው በወላጆች ቀን ነበር። በትምህርት ዘመኑ መዝጊያ ግድም አንድ ክፍል ይጸዳና የልጃገረዶቹ ጥልፍና ስፌት፣ የወንዶቹ የእንጨትና የሸክላ ሥራ፣ ሥዕልና በቀለም የተነቀሰ ካርታ ይደረደርበታል። ወላጅ ገብቶ አይቶ ይወጣል፤ ከዚያ መዝሙር፣ ድራማና ሽልማት ይከተላል። የሳይንስ ዓውደ ርዕይ የሀገር ውስጥ ታላቅ ወንድም ይህ የእጅ ሥራ ክፍል ነው። ዳኛ አልነበረውም፤ ወላጅን ማስደሰት ግን ዛሬም የዓውደ ርዕዩ ግማሽ ዓላማ ነው።

የቤተ ሙከራ ችግር የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1948 በጦርነት ለወደሙ ሀገሮች የሳይንስ መምህራን አንድ ትንሽ መምሪያ አሳተመ፤ መምሪያው እ.ኤ.አ. በ1956 ተስፋፍቶ በብዙ ቋንቋዎች የተተረጎመ የሳይንስ ማስተማሪያ ምንጭ መጽሐፍ ሆነ። መጽሐፉ የሚለው መምህሩ ከጣሳ፣ ከጠርሙስ፣ ከሽቦና ከሻማ የራሱን ቤተ ሙከራ ሊሠራ ይችላል ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ መንግሥታት አዲስ አበባ ላይ ስለ ትምህርት ተሰብስበው፣ እስከ እ.ኤ.አ. 1980 ለአህጉሩ ልጆች ሁሉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ለማዳረስ ግብ አስቀመጡ። ያን ያህል ልጅ በመስታወት ብልቃጥና በውጭ ሀገር ሚዛን ማስተማር እንደማይቻል ለማንም ግልጽ ነበር።

አሶሳ ያን ጊዜ በወለጋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ያለ የአውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ከአዲስ አበባ በነቀምቴ፣ በጊምቢና በመንዲ በኩል ተዙሮ የሚደረስባት፣ 670 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ የጠረፍ ከተማ ናት። መጽሐፍና ጠመኔ በክረምት በሚቆረጥ መንገድ ለሚደርስበት አካባቢ የሳይንስ ዕቃ ቅንጦት ነበር።

ነገሩ የተለወጠው ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ነው። ደርግ ትምህርትን ለምርት፣ ለሳይንሳዊ ምርምርና ለፖለቲካ ንቃት የሚል ሦስት ዓላማ ሰጠው፤ የእጅ ሥራም ከንድፈ ሐሳብ እኩል እንዲከበር የሚሻ የፖሊ ቴክኒክ ትምህርት ታቀደ። በ1968 ዓ.ም. የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን ተቋቋመ። ለአንደኛ ደረጃ ተማሪ ግን ከኮሚሽኑ ይልቅ የቀረበው በየአውራጃው የተከፈተው የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከል ነበር። ማዕከሉ አናጢነት የሚሠራበት ጠረጴዛ፣ መጋዝና መዶሻ፣ ቀለምና ማባዣ መሣሪያ ነበረው፤ መምህራን እየመጡ ከአካባቢ ቁሳቁስ የመርጃ መሣሪያ መሥራት ይሠለጥኑበታል። ትንሹ አምሳያው ደግሞ በየትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ተሰጥቶት በዚያው ስም ተጠራ።

በእነዚህ ክፍሎች የተሠራው ነገር ዝርዝር ለኢትዮጵያ የትምህርት ታሪክ ጸሐፊ ውድ ሀብት ነው። ማዳበሪያ የመጣበት ነጭ ጆንያ ተተርትሮ ይዘረጋና የምግብ መፈጨት ሥርዓት፣ የአበባ ክፍሎች፣ የአፍሪካ ካርታ በዘይት ቀለም ይነቀስበታል፤ ወረቀት በሦስት ወር በሚቀደድበት ክፍል ጆንያው ዓመታት ይቆያል። ቆርኪ በሲባጎ ተሰክቶ መቁጠሪያ ይሆናል። ከጭቃ ልብና ኩላሊት ይጋገራል፤ ከሽቦና ከእንጨት ፀሐይና ፈለኮቿ ይዞራሉ። ከክፍሉ የተረፈው ግድግዳው ላይ ይሳላል፤ ዛሬም በብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች የውጭ ግድግዳ ላይ ሳንባና የእንግሊዝኛ ፊደል ጎን ለጎን ይታያሉ። ከየትምህርት ቤቱ የተመረጡ መርጃ መሣሪያዎች በማዕከሉ ተሰብስበው ለእይታ ሲቀርቡ፣ ዓውደ ርዕዩ ከወላጆች ቀን ወጥቶ የራሱን መልክ መያዝ ጀመረ። የሚቀርበው ግን አሁንም የመምህሩ ሥራ ነበር፤ ተማሪው ጭቃ አቡክቶ፣ ጆንያ ወጥሮ ይረዳል። ጥያቄው «ይህ ነገር ለማስተማር ይጠቅማል ወይ?» የሚል እንጂ «ምን አወቅህበት?» የሚል አልነበረም። በዚህ መንገድ፣ መጽሐፍ ውስጥ ያለን ነገር በሚዳሰስ ዕቃ መልሶ መሥራት የጥሩ ሳይንስ ምልክት ሆኖ ተተከለ።

በአሶሳ ይህ ዘመን ከሌላ ትልቅ ክስተት ጋር ተገጣጠመ። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ከወሎና ከሌሎች የሰሜን አካባቢዎች የመጡ ብዙ ሺህ ቤተሰቦች በአሶሳ ዙሪያ ሰፈሩ። መንደሮቹ «አምባ» እየተባሉ በቁጥር ተጠሩ፤ ቁጥሩም እስከ ዛሬ ስም ሆኖ ቀርቷል። በአካባቢው ትምህርት ቤቶች የደጋ ልጅና የበርታ ልጅ በአንድ አግዳሚ ተቀመጡ። በ1980 ዓ.ም. ግድም አሶሳ የራሷን አስተዳደር አካባቢ ስም አገኘች፤ ከመንግሥት ለውጥ በኋላ ደግሞ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ ነባር ሕዝቦቹ የሆኑበት የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርእሰ ከተማ ሆነች።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተማሪውን የትምህርቱ ማዕከል አደረገ፤ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል «አካባቢ ሳይንስ» የሚባል ትምህርት መጣ። አውራጃ ሲቀር የአውራጃው ማዕከል ሥራ ወደ ወረዳና ወደ ጉድኝት ማዕከላት ወረደ። ጉድኝት አጎራባች ትምህርት ቤቶች በአንድ ማዕከላዊ ትምህርት ቤት ዙሪያ ተቧድነው ልምድና ዕቃ የሚጋሩበት አደረጃጀት ነው። የሳይንስ ክበባት ከሚኒ ሚዲያና ከቀይ መስቀል ክበብ ጋር በየትምህርት ቤቱ ተቋቋሙ። የዛሬው ዓውደ ርዕይ መሰላል የተሠራው በዚህ አደረጃጀት ላይ ነው፦ ከትምህርት ቤት ወደ ጉድኝት፣ ከዚያ ወደ ወረዳ፣ ዞንና ክልል፣ ቀጥሎም ወደ ሀገር አቀፉ ውድድር። በ2001 ዓ.ም. መንግሥት ከዩኒቨርሲቲ ገቢ ተማሪዎች 70 በመቶው በተፈጥሮ ሳይንስና በቴክኖሎጂ እንዲመደቡ ሲወስን፣ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴርም ሲቋቋም፣ «ፈጠራ» የዘመኑ ቃል ሆነ። በምዘና ቅጾች ላይ «ችግር ፈቺ» እና «ከአካባቢ ቁሳቁስ የተሠራ» የሚሉ መስፈርቶች ቦታ ያዙ። ሁለተኛው መስፈርት ከማበልጸጊያ ማዕከሉ በቀጥታ የወረደ ነው። የመጀመሪያው ግን ለ12 ዓመት ልጅ የከበደ ሸክም ነው፤ የከተማን የቆሻሻ ችግር በካርቶን ሞዴል እንዲፈታ የተጠየቀ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚፈታው የዳኛውን ፊት ነው።

በየጠረጴዛው ላይ የሚቀርበው ነገር ከዓመት ዓመት አይራራቅም። ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ ሽቦና ትንሽ አምፖል ያለው የኤሌክትሪክ ዑደት አይጠፋም። በውኃ የተሞሉ ስሪንጆች በላስቲክ ቱቦ ተያይዘው የካርቶን ክንድ ያነሣሉ፤ የሃይላንድ ጠርሙስ በአሸዋ፣ በከሰልና በጠጠር ተሞልቶ ውኃ ማጣሪያ ይሆናል። የእሳተ ገሞራው ጭቃ ተራራ በሶዳና በአቼቶ ይፈነዳል፤ አቼቶ ከሌለ ሎሚ ይጨመቅበታል። አሲዱና ሶዳው ተገናኝተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለቁ አረፋው ይገነፍላል። ሕዝብ የሚሰበሰበው እዚህ ጠረጴዛ ዘንድ ነው፤ ይሁንና ሥራው የሚያስተምረው ኬሚስትሪ ነው። በአፋር የኤርታ አሌን ቅልጥ ዐለት የሚያወጣው ሙቀት ከሎሚ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

አሶሳ የራሷ የሆነ ሀብትም አላት። የመጀመሪያው ሽመል፣ የቆላ ቀርከሃ ነው። ኢትዮጵያ አላት ከሚባለው 1 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ቀርከሃ አብዛኛው የቆላው ዝርያ ነው፤ ከዚያም ትልቁ ድርሻ በዚህ ክልል ይገኛል። የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ለቧንቧ ይሆናል፤ የቆላው ግን ድፍን ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ በአሶሳ ልጅ እጅ ቀርከሃ መፈንቅል፣ የበክራ መቆሚያ፣ የድልድይ ሞዴል ምሰሶ ይሆናል እንጂ ውኃ አያስተላልፍም። የሁለቱን ዝርያ ዘንግ ጎን ለጎን አስቀምጦ የትኛው በስንት ኪሎ ድንጋይ እንደሚሰበር የሚለካ ልጅ እውነተኛ ምርመራ ያደርጋል፤ ወጪውም ሁለት እንጨትና አንድ ገመድ ነው።

ሁለተኛው ወርቅ ነው። የቤኒሻንጉል ወርቅ የሩቅ ሰው ዓይን የሳበው ከጥንት ነው፤ የግብፁ መሐመድ ዓሊ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ጦሩን ወደ ሱዳን የላከበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። ኦስትሪያዊው የማዕድን ሊቅ ዮሴፍ ሩሴገር እ.ኤ.አ. በ1837 እና 1838፣ ሩሲያዊው መሐንዲስ ኢጎር ኮቫሌቭስኪ ከ10 ዓመት በኋላ ወደዚሁ አካባቢ የተጓዙት ወርቁን ለማጥናት ነው። ሁለቱ ሊቃውንት ሊያጠኑት የመጡትን ነገር የአካባቢው ሰው በገበቴ እያጠበ ያወጣው ነበር። ሥራው በትምህርት ቤት «እፍግታ» የሚባለው ነገር ነው። ወርቅ በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ 19.3 ግራም ይመዝናል፤ የኳርትዝ አሸዋ ግን 2.65 ብቻ፤ ሰባት እጥፍ ያህል ይበላለጣሉ። ገበቴው በውኃ ውስጥ ሲወዛወዝ ቀላሉ ይታጠባል፣ ከባዱ ከሥር ይቀራል። በክፍል ውስጥ በወርቅ ፋንታ የብረት ፍርፋሪ ሊሆን ይችላል፤ እናቷ ወርቅ ስታጥብ ያየች ልጅ ከመምህሯ ይልቅ እጇ የለመደ ነው።

ሦስተኛው ዋዛ ነው፤ በርታዎች በበዓልና በደስታ ቀን የሚነፉት፣ ከቅል የሚሠራ መለከት። አንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ ይሰጣል፤ ዜማው የሚወጣው ብዙ ሰዎች ርዝመታቸው የሚለያይ መለከቶች ይዘው በየተራ ሲነፉ ነው። ረጅሙ የወፈረ ድምፅ ያወጣል፣ አጭሩ የቀጠነ፤ በውስጡ የሚርገበገበው የአየር ዓምድ ርዝመት ይወስነዋል። የድምፅ ምዕራፍ ይህን የሚያስረዳው በሙከራ ቱቦ ሥዕል ሲሆን፣ ማስረጃው ግን በአሶሳ የሠርግ አደባባይ ላይ ቆሟል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሁሉንም የሸፈነው የግድቡ ሞዴል ነው። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ በመጋቢት 2003 ዓ.ም. በዚሁ ክልል በጉባ ተጣለ፤ በየካቲት 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ኃይል አመነጨ፤ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ከካርቶን፣ ከሲሚንቶ፣ ከጭቃ ያልተሠራበት ትምህርት ቤት ማግኘት ይከብዳል። ሞዴሎቹ ግን ሁሉም ማለት ይቻላል ቁመታቸው ይበዛል። እውነተኛው ግድብ 145 ሜትር ከፍታና 1.8 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ስላለው፣ 1 ሜትር የሚረዝም ሞዴል ከፍታው 8 ሴንቲ ሜትር ብቻ መሆን ነበረበት። ስምንት ሴንቲ ሜትር ግን አያስደንቅም፤ ልጆቹ የሚሠሩት ግድቡን በሚሰማቸው መጠን ነው።

የሚሠራ ዕቃና የሚመለስ ጥያቄ የሚለያዩበትን ቦታ ለማየት አንድ ቴርሞሜትር ይበቃል። መጽሐፍ ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ይላል። አሶሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃዋ በ95 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ይህን ለክቶ «መጽሐፉ ተሳስቷል ወይስ ቴርሞሜትሩ?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ጠረጴዛው ላይ የሚያስቀምጠው የሚያብረቀርቅ ነገር የለውም። ዶክተር አክሊሉ ለማም እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ሲመራመሩ የፈጠሩት ዕቃ አልነበረም፤ ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በርክተው፣ ከዚያ በላይ ግን አለመኖራቸውን አስተዋሉ። ከዚህ ተነሥቶ እንዶድ የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ተረጋገጠ። የወንዙን ላይና ታች ማነጻጸር የ6ኛ ክፍል ተማሪም የሚችለው ነው።

ዓውደ ርዕዩ ብዙውን ጊዜ የሚውለው በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ነው፤ በአሶሳ ዝናቡ በግንቦት ስለሚጠና ከዚያ ቀደም ቢል ይመረጣል። ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ ጠረጴዛዎች ወደ ሜዳው ዛፍ ጥላ ወይም ወደ አንድ ሰፊ ክፍል ይወጣሉ፤ ሚኒ ሚዲያው ሙዚቃ ይለቃል፣ የሥራው ስምና የሠሪው ክፍል በፍሊፕ ቻርት ተጽፎ ይለጠፋል። ዳኞቹ የሌላ ትምህርት ቤት መምህራንና የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ባለሙያዎች ናቸው። ነጥብ የሚያሰጠው ትልቁ ነገር ማብራሪያው ነው፤ እዚህ ላይ የቋንቋ ጉዳይ ይመጣል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ በርትኛ፣ ጉሙዝኛና ሺናሽኛ ወደ አንደኛ ደረጃ ክፍሎች የገቡት ቆይተው ነው። በቤቱ በርትኛ የሚናገር ልጅ በእጁ የሠራውን ዑደት በአማርኛ ሲያስረዳ ግማሹ ዕውቀቱ በአንደበቱ ላይ ይቀራል፤ አስተዋይ ዳኛ እንዲናገር ሳይሆን አምፖሉን አጥፍቶ እንዲያበራ ይጠይቀዋል። ሽልማቱ ደብተር፣ እስክርቢቶ፣ መዝገበ ቃላትና የምስክር ወረቀት ነው።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የዚያ ዓመት ዓውደ ርዕይ ቀረ፤ በመተከልና በካማሺ ዞኖች በነበረው የጸጥታ ችግር ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶች ከዚያም በላይ ተዘግተው ቆዩ። በ2003 ዓ.ም. ግድም የተቋቋመው የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ በከተማዋ መኖሩ ከቅርብ ርቀት ቤተ ሙከራና ምሁር እንዲገኝ አድርጓል። በ2015 ዓ.ም. በተጀመረው አዲስ ሥርዓተ ትምህርት አካባቢ ሳይንስ እስከ 6ኛ ክፍል ዘልቋል፤ 7ኛና 8ኛ ክፍል አጠቃላይ ሳይንስ ይማራሉ። የወረዳውና የዞኑ ውድድሮችም በዚያው መሰላል ቀጥለዋል።

ዓውደ ርዕዩ ሲያልቅ የባትሪ ድንጋዩ ወደ ቤት ይመለሳል፤ ለእጅ ባትሪ ይፈለጋልና። ያሸነፈው ሥራ ወደ ጉድኝት ማዕከሉ ይሄዳል። የቀረው ሁሉ፣ የጭቃው ተራራ፣ የካርቶኑ ክንድ፣ ቁመቱ የበዛው ግድብ፣ ለሚቀጥለው ዓመት መማሪያ እንዲሆን ከማዳበሪያ ጆንያው ካርታ አጠገብ፣ በማበልጸጊያ ማዕከሉ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።